ነጥብ፣ መስመርና ጠለል

አንድ የሥራ ባልደረባችን ሰሞኑን የሴት ልጁን ደብተር ሲመለከት «ነጥብ፣ መስመር፣ ጠለል» የሚሉ ሦስት ቃላት አገኘ፤ ሁለቱን ዐውቆ በሦስተኛው ላይ እንደ ቆመም ነገረን። አማርኛን በጉልምስናችን ለምንማር ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ቃሉን ከነነገሩ መማር ትርፉ እጥፍ ነውና፤ የዛሬውን ዓምዳችንን ለነዚሁ ለሦስቱ ቃላት ሰጥተነዋል።

ነጥብ የሚለውን ቃል በትግርኛም «ነጥቢ» ስለምንለው እንግዳ አይሆንብንም። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ መለየት የቆየ ልማድ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩንም በአራት ነጥብ እንዘጋለን። ነገር ግን በብዕር ያሳረፍናት ነጥብ ምንም ብታንስ ስፋት አላት፤ በማጉያ መነጽር ብናያት የቀለም ኩሬ ትመስላለች። በጂኦሜትሪ ነጥብ የሚባለው ግን ርዝመትም፣ ስፋትም፣ ውፍረትም የለውም፤ ሥራው ስፍራን ማመልከት ብቻ ነው።

መስመርም እንዲሁ ነው። ግንበኛ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ችካል ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል። ሲባጎው ውፍረት አለው፤ በችካሎቹም ላይ ያበቃል። የጂኦሜትሪ ቀጥታ መስመር ግን ያለ ውፍረት በሁለቱም ወገን ያለ መጨረሻ ይቀጥላል። ግንበኛው አንድ ችካል ብቻ ቢተክል ሲባጎውን ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሊያዞረው ይችላል። ሁለተኛውን ሲተክል ምርጫው ያልቃል፤ በሁለት ነጥቦች ላይ የሚያልፍ ቀጥታ መስመር አንድና አንድ ብቻ ነውና።

ይህን ሕግ በተማሪ ቤት በቃላችን አጥንተነው ነበር፤ ዋጋውን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ከመሞታቸው አስቀድሞ፤ እርሻቸውን ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የሚያካፍል ኑዛዜ ልጆቹ በሌሉበት አስጻፉ። ጽሑፉ «ወሰኑ ከትልቁ ሾላ ተነሥቶ ፀሐይ ወደምትወጣበት ይሄዳል» ይል ነበር። ሾላው አንድ ነጥብ ነው። ፀሐይ ግን የምትወጣበት ስፍራ በየወቅቱ ይለያያል፤ በሰኔ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜን፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታደላለች። የደቡቡን ክፍል የወረሰው ታላቁ የሰኔዋን ፀሐይ፤ የሰሜኑን የወረሰው ታናሹ የታኅሣሧን ፀሐይ ጠቀሰ። በመካከል ያለው መሬት እንደ መቀስ አፍ እየሰፋ ሄዶ ሁለቱም «የእኔ ነው» የሚሉት ሆነ። ሁለቱም የጽሑፉን ቃል ስለ ያዙ፤ ሐሰተኛ ተብሎ የሚወቀስ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ ልጆቻቸውም አብረው ወደ ትምህርት ቤት መሄድን ተዉ። ያን ኑዛዜ በእጃችን የጻፍነው እኛው ነበርን።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ እኛም ተጠርተን ሄድን። የመሬት ነገር የወንዶች ነው ተብሎ እስከዚያ ቀን ድረስ እናታቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እርሳቸውም ከምድጃቸው አጠገብ እንደ ተቀመጡ፤ «ልጄ፤ አባታቸው ከሾላው ሥር ቆመው የጠቆሙት በወንዙ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ነበር። አንተ ድንጋዩን ትተህ ፀሐይዋን ጻፍክ» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከሾላው እስከ ድንጋዩ ገመድ ተወጠረና በዚያው ዕለት ወሰኑ ተተከለ።

ሦስተኛውን ቃል ከዚያው ምድጃ ዘንድ እናገኘዋለን። ጠለል ማለት እንደ ረጋ ውሃ ፊት የተስተካከለ፤ ውፍረት የሌለው፤ በየአቅጣጫው ያለ ወሰን የተዘረጋ ገጽ ነው። አሥመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች ስንል የምንጠቀምበት ቃል ይኸው ነው፤ ምንም እንኳ ባሕሩ ከምድር ክብነት ጋር የሚጎብጥ ቢሆን። በአንድ መስመር ላይ ባልተሰለፉ ሦስት ነጥቦች የሚያልፍ ጠለል አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት፤ ድንጋዮቹ እኩል ባይሆኑ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይንገዳገድም። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ ሌሎቹ ሦስቱ ከወሰኑት ጠለል ወጣ ካለ ይነቃነቃል፤ አሳላፊውም ወረቀት አጣጥፎ ከሥሩ ይሸጉጣል። ትዳር የያዘውን ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ማለታችንም ያምርበታል።

ጂኦሜትሪ በግሪክኛ መሬትን መለካት ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ፤ በ13 መጻሕፍት የጻፈውን ትምህርት ለነጥብና ለመስመር ፍቺ በመስጠት ጀመረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ግን ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት ለሦስቱ ቃላት ፍቺ መስጠቱን ትቶ፤ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን ሕግ ብቻ ደነገገ። ነጥብ ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ መስመርን፤ ከሁለት ሌሎች ጋር ሲገናኝ ጠለልን ይወስናል።

እንግዲህ ወሰን የምትጽፉ ባልደረቦቻችን ሆይ፤ መነሻውን ስትጽፉ መድረሻውን አትርሱ። መድረሻው ከጠፋባችሁም በቤት ያሉትን እናት ሳትጠይቁ ብዕራችሁን አታንሡ።