ካርዱ ከመገዛቱ በፊት



ባለፈው ሰሞን እዚህ ሐዋሳ የምናውቃቸው አንዲት እናት «ኡስታዝ፣ ልጄ ኮምፒዩተሩ ላይ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ካርድ ካልገዛሽልኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ማትሪክ ተፈታኝ ነው፤ ትምህርት እቀዳበታለሁ ይላል። ልግዛለት?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም በዚሁ ነገር አንዴ ከስረናል። የአክስታችን ልጅ ከጅዳ ሲመጣ፣ በአደራችን መሠረት አንድ ካርድ ገዝቶልን ነበር። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ልንሰካው ስንል የዲሹ ገመድ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ። ለካስ ዲጂታል ሁሉ አንድ አይደለም! «ዲ ቪ ቢ ቲ» የሚለው ከምድር ማሰራጫ በአንቴና የሚመጣውን፣ «ሲ» በኬብል የሚገባውን፣ «ኤስ» ደግሞ ከሳተላይት የሚወርደውን ይቀበላል። ከአሜሪካ የሚላከው ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በዲሽ ለሚያይ ቤት የሚሆነው «ኤስ 2» ነው። እርሱ የቀድሞውን «ኤስ» ጭምር ይቀበላል፤ የቀድሞው ግን አዲሱን አይችልም።

ቀጥሎ ጣሪያውን ማየት ነው። ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሁለት ዲሽ ያላቸው ቤቶች አሉ። የናይልሳቱ፣ ሳተላይቱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሐይቁ ያያል፤ የኢትዮሳቱ ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ሁለቱንም የፈለገ ሰው ካርዱ ዳይሴክ የምንለውን መቀያየሪያ ማዘዝና ለኤል ኤን ቢው 13 እና 18 ቮልት መስጠት መቻሉን ይጠይቅ። ኮምፒዩተሩ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የሚገባ ካርድ ቦታ የለውም፤ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካውን መፈለግ ነው። የተቆለፈ ጣቢያ ይከፍታል የሚል ሻጭ ካጋጠመ የሰው ሐቅ አለበትና ይታለፍ።

ትምህርት መቅዳት የሚለው ግን ልባችንን ነካው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲመጣልን፣ የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ያልገባን ይግባን ሳይል ራሱ መልሶ ያልፋል። መምህራችን ላቁምላችሁ ቢሉ ማቆሚያ የላቸውም። መብራት ከጠፋማ ያ ምዕራፍ ሄደ ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ቀድቶ የሚያስቀምጥልን ነገር ቢኖር ኖሮ! ዛሬ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚላክ ጣቢያ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው፤ የአንድ ወር ትምህርት ሐርድ ዲስክ አይሞላም።

ይሁንና እውነቱን እንናገር፤ ለማየትና አልፎ አልፎ ለመቅዳት ብቻ ከሆነ ፍላሽ ላይ የሚቀዳ ሪሲቨር ይበቃል። ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ መብራት አይቆጥርም። ካርዱ የሚያዋጣው የተቀዳውን ቆርጦ በየትምህርቱ ለሚያደራጅ ሰው ነው።

ይህንን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ኮምፒዩተሩ ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ፤ ያለውም ልጁ መኝታ ክፍል ነው። «ምን ምኑን ነው የምትቀዳው?» አልነው። «ሒሳብና ፊዚክስ» አለና ትንሽ ቆይቶ «ኳስም ካለ» አለ። እናቱ ሳቁ። ሪሲቨሩን ሲያገላብጡት ከጀርባው የፍላሽ ቀዳዳ አለው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ለጊዜው አንድ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይገዛ ተባለ፤ ቀረጻውም ሳሎን፣ ሁሉም በሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ይሆናል። የካርዱ ነገር ከማትሪክ በኋላ ይታያል፣ ኢንሻአላህ።