በመሥሪያ ቤት ስለሚበቅል ፍቅር

በዚህ በቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ከጋብቻ በፊት ስላለው ነገር፥ ይልቁንም በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወንድና ሴት ቢዋደዱ ማድረግ ስለሚገባቸው ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ለዚህ ያነሣሣን በአጠገባችን ባለው ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነው። «አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ወድጃታለሁ፤ ልንገራት ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀን። ለእርሱ የመለስንለት ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እነሆ እንጽፈዋለን።

አስቀድሞ ነገሩ በራሱ ነውር አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በአባቶቻችን ዘመን ወላጆች ያጩ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ፥ ዘር ተቈጥሮ ጋብቻው ይፈጸማል፤ ሙሽራይቱም ብዙ ጊዜ የባሏን ፊት የምታየው በሠርጉ ቀን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሳይሰጡ የሚጸና ጋብቻ የለም ይላል። ፈቃድም ያለ መተዋወቅ አይገኝም። መተዋወቂያው ታዲያ ወዴት ነው? ሠራተኛ በቀን እስከ 8 ሰዓት፥ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት በሥራ ላይ ስለሚውል ከእናቱና ከወንድሙ ይልቅ የሚያየው የሥራ ባልንጀራውን ነው። በግብዣ ላይ ሰው ክፉ ጠባዩን ሊሸፍን ይችላል፤ በሥራ ላይ ግን ቍጡውና ታጋሹ፥ ሐኬተኛውና ትጉሁ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል።

በውጭ አገርም የታወቀ ምሳሌ አለ። ማሪ ስክሎዶቭስካ የተባለች የፖላንድ ተወላጅ በፓሪስ ስትማር፥ ለምርምሯ የሚሆን ክፍል በምትፈልግበት ጊዜ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከፒየር ኩሪ ጋራ ተዋወቀች። እንድታገባው በጠየቃት ጊዜ፥ ወደ አገሯ ለመመለስ ታስብ ነበርና፥ ወዲያው እሺ አላለችም። በ1895 ተጋቡ፤ በ1903ም ከአንሪ ቤከሬል ጋራ የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ያመጣነው ስለ ሽልማቱ አይደለም። ፒየር ኩሪ የእንጀራዋ ጌታ እንዳልነበረ፥ የጥናቷንም ገንዘብ የሚሰጣት ሌላ ማኅበር እንደ ነበረ ለማስታወስ ነው። እንቢ ብትለው ጥናቷ አይቋረጥባትም ነበር።

የነገሩም ሥር ይህ ይመስለናል። ወዳጅ የሆነ ሰው «እወዳታለሁን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እንቢ ብትለኝ ምን ታጣለች?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «ምንም አታጣም» ከሆነ ይናገር። «ደመወዟን፥ ዕድገቷን፥ ሰላሟን ታጣለች» የሚል ከሆነ ግን አፉን ይያዝ።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ አግኝተነው አይደለም፤ በራሳችን ደርሶ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ክፍል ኀላፊ ነበርን። ከእኛ በታች አንዲት ጽሑፍ ገልባጭ ወጣት ትሠራ ነበር፤ የዕረፍት ፈቃዷም ሆነ ስለ ሥራዋ የሚጻፈው ምስክር ያለ እኛ ፊርማ አያልፍም ነበር። ወደድናት። ሻይ እንጋብዛታለን፥ ምሳ እንጠራታለን፥ ማታም እስከ ሰፈሯ እንሸኛታለን፤ እርሷም ፈገግ እያለች ትመጣለች። እኛም ነገሩ የሠመረልን መስሎን ሽማግሌ ለመላክ ስናስብ፥ አንድ ቀን ደመወዙ ከሚያንስ ቦታ ለመዛወር ማመልከቻ ጽፋ ጠረጴዛችን ላይ አኖረች። ምክንያቱን አጥብቀን ብንጠይቃት አንገቷን ደፍታ፥ «ጌታዬ፥ እርስዎ የሚፈርሙልኝ ሰው ነዎት። እናቴን የምጦረው በዚህ ደመወዝ ነው። እንቢ ማለት እንዴት ይቻለኛል?» አለችን። በልጅነታችን በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ መለየት ተምረን ነበር፤ የዚያችን ልጅ ሳቅ ግን ሳንፈታው ስድስት ወር ኖርን። ሰሙ ፈገግታ ነበር፤ ወርቁ ፍርሃት። ይቅርታ ጠይቀን ማመልከቻውን ፈረምንላት፤ የፈረመችው እጃችን ግን እስከ ዛሬ ታፍራለች።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ወደ ሴት ልጅ ክብር የሚያዞሩት ሹማምንት አሉ። እነዚህ ሕጉን ይመልከቱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 ከሴት ችግር ወይም በእርሷ ላይ ካለው ሥልጣን የተነሣ ፈቃዱን የሚፈጽምባትን ሰው፥ አሠሪም ቢሆን መምህር፥ አቤት ባለች ጊዜ በእስራት ይቀጣዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ይኸው አዋጅ ግን ለሚያገባ ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋራ ይሰጣል። እንግዲህ ሕጉ የፍቅር ጠላት አይደለም፤ የግድ እንጂ።

በችሎት ያለውንም ሥርዐት እናስታውስ። ዳኛ ከተከራካሪዎቹ ከአንዱ ጋራ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው እንደ ሆነ ከዚያ ጕዳይ ይነሣል፤ በፍርዱ ላይ ጥርጣሬ እንዳይወድቅ ነው። አለቃም ከበታቹ ያለችውን በእውነት ከወደደ እንዲሁ ያድርግ። አስቀድሞ ፊርማው ከእርሷ ላይ የሚነሣበትን መንገድ ይፈልግ፤ የሚዛወረውም እርሱ ይሁን እንጂ እርሷ አትሁን። ይህን ለማድረግ የሚከብደው ከሆነ፥ ከልጅቱ ይልቅ ወንበሩን መውደዱን ይወቀው።

እንደ ጠያቂያችን እኩያ ለሆኑት ግን ምክራችን አጭር ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ፥ ሰው በማይሰማበት ነገር ግን እርሷ በማትፈራበት ስፍራ፥ አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገር። ዝምታን እንደ እሺታ አይቍጠር። እንቢ ካለች ሁለተኛ አይጠይቅ፤ በማግሥቱም እንደ ትናንቱ «እንደምን አደርሽ» ይበላት፤ ወሬውንም ለባልንጀሮቹ አያውራ፤ በመሥሪያ ቤት ሐሜት የሚጐዳው ከወንዱ ይልቅ የሴቲቱ ስም ነውና። እሺ ካለችም ነገሩን ከአለቃቸው አይሰውሩ፤ ገንዘብ ወጪ የሚያደርግና ሒሳብ የሚመረምር ባልና ሚስት ቢሆኑ ለሁለቱም አይበጅም። ባለ ትዳር ለሆነ ሰው ግን ምክር የለንም፤ ወደ ቤቱ ይግባ።

ያ ወጣት ይህን ሰምቶ አመስግኖን ሄደ። ልጅቱ ምን እንደ መለሰችለት እኛ አልጠየቅነውም፤ ሊጠየቅም አይገባም። ነገር ግን በመስኮት ስናልፍ ሁለቱም በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው ሳይተፋፈሩ ሲሠሩ እናያለን። እሺም ብላው እንደ ሆነ፥ እንቢም ብላው እንደ ሆነ፥ በመልካም እንደ ተጠየቀች በዚህ አወቅን።