የጤና ዓምድ፦ ያቺ ውሮ ምን ነካት?

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውሃ ንጽሕና አንብበናል። ዛሬ ደግሞ የአንዲት ድመት ታሪክ አመጣሁላችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የአንድ ልጅ ሕይወት አለበት። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሆነው እኔ ባረፍኩበት ቤት ነው። በቤቱ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች። ሁሉም "ውሮ" ይሏታል። ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ እርስዋ ነበረች። የቤቱ ትንሽ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ውሮን ካላቀፈ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቀበሮ መጣ። ቀበሮ ወደ መንደር የሚመጣው በጨለማ ነው። ሰው ሲያይም ይሸሻል። ይኸኛው ግን በጠራራ ፀሐይ ገባ። ብንጮህበትም አልሸሸም። እየተንገዳገደ ወደ ጎተራው ሄደ። ውሮ ከጎተራው ሥር ተኝታ ነበር። ተያያዙ። ቀበሮው እግሯን ነከሳት። እርስዋም ፊቱን ቧጨረችው። አባወራው ዱላ ይዘው ሲደርሱ ቀበሮው ወደ ገደሉ ወረደ።

በሳምንቱ የውሮ ቁስል ደረቀ። "በቃ፣ ድናለች" ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።

አምስት ሳምንት አለፈ። የውሮ ጠባይ በድንገት ተለወጠ። ምግብ ተወች። ከመደቡ ሥር ገብታ ተደበቀች። ድምፅዋ ጎረነነ። ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያም የኋላ እግሮችዋ አልታዘዝ አሏት። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ያን ጊዜ ልጁ ምርር ብሎ አለቀሰ። ከዚያም አውራ ጣቱን አሳየን። ከሁለት ቀን በፊት ወተት ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ ነክሳው ነበር። እንዳይገድሉበት ፈርቶ ደብቆ ነው። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "መጋኛ መትቷት ነው" አለ። ሌላው "መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው" አለ። አንድ ሽማግሌ "ውሻ ያብዳል እንጂ ድመት ታብዳለች እንዴ?" አሉ። እናትየውም "ኧረ ልጄ፣ ይህቺ ምን ቁስል ናት! ነገ ትድናለች" አሉኝ።

እኔ ግን ያ ቀበሮ ትዝ አለኝ። "ያ ቀበሮ ለምን አልሸሸም?" ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አለ።

በሽታው ምንድን ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ ይባላል። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ የውሻ ብቻ አይደለም። ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሁሉ ሊይዘው ይችላል። ድመት፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ላም፣ አህያም ይይዛቸዋል። በዓለም ላይ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከ100ው እስከ 99 የሚሆኑት የሚያዙት ግን ከውሻ ነው።

የዱር አውሬም ከውሻ ይወስዳል። ቀይ ቀበሮ በአገራችን ብቻ የሚገኝ አውሬ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያመጡባቸው የመንደር ውሾች ናቸው።

የበሽታው ተሕዋስ በዓይን አይታይም። የሚኖረው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ ወደ ሥጋ ይገባል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ቁስሉ ከላይ ሲድን እርሱ ከውስጥ መንገዱን አያቆምም። በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ይነሣል። ሕመሙ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። አንጎል ሳይደርስ መከላከል ግን ይቻላል።

ልጁስ ምን ሆነ?

በዚያው ሌሊት ጣቱን በሳሙና አጠብነው። ዘግይተን ነበር፤ ቢሆንም አጠብን። ለወላጆቹ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1885) ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ፣ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በአዲሱ ክትባት አስወጋ። ልጁም ዳነ። እናትየው ይህን ሲሰሙ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሣን። መጀመሪያ በደረስንበት ቦታ መርፌው አልነበረም። ወደ ከተማ ላኩን። አባትየው ለመንገድ አንድ በግ ሸጡ። በማግስቱ ልጁ ተወጋ።

መርፌው ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ከሁለተኛው በኋላ አባትየው "ልጁ ደኅና ነው'ኮ! እርሻዬ ሊያመልጠኝ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወቅቱ የዘር ነበር። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች በወንፈል ገብተው አረሱላቸው። አባትየውም የቀጠሮውን ካርድ አውጥተው ፊደሉን እየለዩ አነበቡ። "ረ-ቡ-ዕ" አሉ። ረቡዕ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። መርፌው እስኪያልቅ አንድም ቀን አላጎደሉም።

ዛሬ ልጁ ጥጃ ይጠብቃል። ያቺ ውሮ በእርግጥ በዚያ በሽታ መሞቷን ማንም አልመረመረም። ስለዚህ እርግጡን አናውቅም። ግን እርግጡን እንወቅ ብለን ብንጠብቅ ኖሮ፣ የሚነግረን የልጁ ሕመም ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ማወቁ ምን ይጠቅመናል? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ሰው ሲነከስ ምን እናድርግ?

1. ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት የሌለው ቡና ታጥቦ ተቆልቶ እስኪያልቅ ይጠብ። ሳሙና ከሌለ በውሃ ብቻም ቢሆን እጠቡ።

2. ቅቤ፣ አመድ፣ የቡና ዱቄት ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ።

3. ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀን ቢያልፍም አትቅሩ። የታዘዘውን መርፌ ሁሉ ጨርሱ።

4. የነከሰው ውሻ ወይም ድመት በሕይወት ካለ፣ ሳትነኩት መዝጋት ከቻላችሁ ዘግታችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። እናንተ ግን ሕክምናውን አትጠብቁ።

5. ከሞተ ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ። ለጤና ሠራተኛው ንገሩ። ከዚያ በአካፋ ገፍታችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

6. ውሻና ድመታችሁን አስከትቡ።

7. ልጆች ንክሻ እንዳይደብቁ አትቆጧቸው።

ጥያቄዎች

ሀ. ቀበሮው ጤነኛ አለመሆኑን በምን አወቅን?
ለ. ልጁ ንክሻውን ለምን ደበቀ?
ሐ. ቁስል ከታጠበ በኋላ ወዴት ይኬዳል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ጽሑፉንም ማንበብ ላልቻለ አንድ ጎረቤት አንብቡለት። ደኅና ሰንብቱ።