ቆዳ ላይ የወጣ ሁሉ ጭርት አይደለም

ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን፣ በፌስታል የተጠቀለለ የቅባት ቱቦ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ነው። እዚህ ጀርመን የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጭርቱም፣ ለችፌውም፣ ምንነቱ ላልታወቀው እብጠትም «ይቺን ተቀቢ፣ እኔን አድናኛለች» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ቅባቱ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩንና መቅላቱን ሲያስታግስ የቆዳውንም መከላከያ ያዳክማል። ሕመሙ ፈንገስ ከሆነ ላዩ የዳነ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ኩላሊት የተተከለለት፣ ኬሞ ላይ ያለ፣ ለወራት ፕሬድኒሶሎን የሚውጥ ወይም ኤች አይ ቪ እያለበት መድኃኒት ያልጀመረ ወገናችን ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ፈንገሱ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ወደ ሥር ይዘልቃል፤ አለዚያም በሳንባ ገብቶ፣ በደም ተሰራጭቶ ቆዳ ላይ ብቅ ይላል።

ክሪፕቶኮከስ የሚባለውን ፈንገስ እንውሰድ። የእርግብ ኩስ ባለበት አፈር ውስጥ ይገኛል፤ የሚገባው በትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ግራይፍስቫልድ ከተማ ውስጥ ኦቶ ቡሰ እና አብርሃም ቡሽከ የተባሉ ሐኪሞች ከአንዲት ሴት የቅልጥም እብጠት ለይተው ገለጹት። (ቡሽከን ናዚዎች በአይሁዳዊነቱ ወደ ቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ አግዘውት በ1943 እዚያው ሞተ። ስሙ ሲነሳ ይህ አብሮ ሊነሳ ይገባል እላለሁ።) ቆዳ ላይ ሲወጣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ትንንሽ እብጠት ሆኖ ብጉር ወይም ኪንታሮት ይመስላል። ፈንገሱ የአንጎልን ሽፋን ይዞ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት የሚታየው ምልክት ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከዘረዘራቸው 19 አስጊ ፈንገሶች ውስጥ በአንደኛው ምድብ ተቀምጧል። በደም ምርመራ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ማለት ነው።

ለመጠርጠር ደግሞ ታሪካችሁን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ ሂስቶፕላዝማ የሚባለው ፈንገስ አገራችን ውስጥ የጋሪ ፈረሶችን በቁስል የሚያሠቃይ ነው። የዚሁ ወገን የሆነው የሰው ሕመም አንዴ ሳንባ ከገባ በኋላ ለዓመታት አድፍጦ፣ የመከላከል አቅም ሲወድቅ ይነሣል። የፍራንክፈርት የቆዳ ሐኪም በየቀኑ የሚያየው ነገር አይደለም። የት እንደተወለዳችሁ፣ የት እንደኖራችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል?

የምንደብቀው ግን ይህንኑ ነው። በተለይ ኤች አይ ቪን፣ በተለይ አስተርጓሚው በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ሰው ሲሆን። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሆኖም ሐኪም የበሽተኛን ምስጢር ቢያወጣ በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 203 ያስጠይቀዋል። አስተርጓሚው ካላስደሰታችሁ ሌላ ይቀየርልኝ በሉ፤ ነውር የለውም። የኤች አይ ቪ ምርመራውን ራሱ በብራይተ ጋሰ ያለው የከተማው ጤና ቢሮ ስም ሳይጠይቅ ያደርጋል። ኤድስ በጀርመን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በዚህችው ከተማ፣ በ1982 ነው። ያኔ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ አለ።

የመከላከል አቅማችሁ የደከመ ከሆነና ቆዳችሁ ላይ የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ከወጣ፣ ቅባቱን አቁማችሁ ናሙና እንዲወሰድላችሁ ጠይቁ። ቦታውን አደንዝዘው በጥቂት ሚሊሜትር ክብ ምላጭ ይቆርጡታል፤ ብዙም አያምም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ናሙናው በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ፈንገሱ ስለሚሞት በላቦራቶሪ ሊያድግ አይችልም። ግማሹ ፎርማሊን በሌለበት፣ በንጹሕ የጨው ውሃ ለካልቸር ይላክልኝ በሉ። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላልና፣ ጥርጣሬው ከጠነከረ ውጤቱ ሳይጠበቅ ሕክምናው ሊጀመር ይችል እንደሆነም በዚያው ቀን ጠይቁ።