ለኳስ ሄደን በአልጋ ተሸነፍን

ክለቡን ተከትሎ ክፍለ ሀገር መውጣት ለእኛ ሀገር ደጋፊ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ግን ጉዞው በአብዛኛው ደርሶ መልስ ነበር። ሌሊት በአውቶብስ ተጭኖ፣ ጨፍሮ፣ ጮሆ፣ ድምፁ ተዘግቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ ፕሪምየር ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ሰብስቦ፣ ጥቂት ሳምንታት አጫውቶ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚዞር ሊግ ሆነ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ በኋላም አዳማ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋማ የሸገር ደርቢ ራሱ ከሸገር ወጥቶ ሲካሄድ አየን። የካታንጋና የሚስማር ተራ ሰው ኳስ ለማየት አልጋ መያዝ ግድ ሆነበት።

ስለ ሜዳው ሣር እናወራለን። ስለ ዳኛው ፊሽካማ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን። ስለ አልጋው ግን ሲጻፍ አላየሁም። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታ እዚያ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሊጉ ሀዋሳ ላይ በነበረበት ጊዜ የቅዳሜንና የእሁድን ጨዋታ ለማየት ሦስት ሆነን 275 ኪሎ ሜትሩን ተያያዝነው። አልጋ በስልክ አስይዘናል፤ አንዱ 1,200 ብር፣ ቁርስን ጨምሮ። ስንደርስ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ «2,000 ነው» አለችን። በስልክ የተባልነውን ነገርናት። «እሱ እኮ ውድድሩ ሳይጀመር ነው!» የደወልነው ከሦስት ቀን በፊት ነበር፤ ውድድሩ ደግሞ ከተጀመረ ሳምንታት አልፈውታል። ጎበዝ፣ ይሄ ከኋላ የገባ ፋውል ነው! ዳኛ ግን የለም። ከጀርባችን ማሊያ የለበሱ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ተራ ይጠብቃሉ። ከፈልን። ደረሰኝ ስንል ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን።

ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከእርጅና ብዛት ቢጫ ሆኗል። ውሃ «ማታ ይመጣል» አሉን፤ እውነትም ማታ መጣ፣ ሻይ መስሎ። ለመታጠቢያ አንድ ባልዲና እጀታው የተሰበረ ጆግ ተሰጠን። ዲኤስቲቪ አለው የተባለው የክፍሉ ቴሌቪዥን ክፍያው አልፎበት ጥቁር ነው። ታች ባሩ ውስጥ ያለው ይሠራል፤ እሱ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ሊግ ነው። ስታዲየሙ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ሊጉ በከተማው እየተካሄደ ነው፤ «እስቲ የሀገራችንን ጨዋታ ክፈቱልን» ስንል አስተናጋጁ ሳቀብን።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ጭፈራ ቤት ግን አልተቻለም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሙዚቃውን ቀንሱ ልል ስወርድ ደረጃው ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገ አንድ ወጣት አገኘሁ። አወቅሁት፤ ተጫዋች ነው። ክለቡ (የቱ እንደሆነ ይቅር) ሁለተኛ ፎቅ ላይ አርፏል። እሱም ለዚሁ ጉዳይ ወርዶ ባዶ እጁን እየተመለሰ ነው። «አይድከሙ ጋሼ፤ እርስዎ ነገ ይሄዳሉ፣ እኛ ወር ሊሞላን ነው» አለኝ። በማግስቱ ጨዋታ ነበረበት። እግሩ አልታዘዝ ብሎት በ60ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጠ ደጋፊ «ይሄ ልጅ ሲጨፍር ነው ያደረው» አለ። ጭፈራውስ ነበር፤ የጨፈረው ግን እሱ አልነበረም።

እኛማ ሦስት ሰዎች ነን፤ ተበሳጭተን፣ ተሳድበን እንመለሳለን። ተጫዋቹ ግን ሥራው እንቅልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አሠልጣኙ ስለ አካል ብቃት የፈለገውን ያህል ፕሮግራም ቢያወጣ፣ ልጁ ሌሊቱን በስፒከር ሲደበደብ ካደረ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ምን ሊያመጣ ነው? ሂሳቡን ማን እንደሚከፍልም አንርሳ። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ለዚያ ባልዲና ለዚያ ጆግ በየወሩ የሚከፈለው የሕዝብ ብር ነው ማለት ነው።

ሆቴሎቹም የራሳቸው ችግር አለባቸው። መብራት ሲጠፋ ያጠፉት እነሱ አይደሉም። የቧንቧ ውሃም በእጃቸው አይደለም። በዚያችው ሀዋሳ ሐይቁ ዳር በተባሉት ዋጋ፣ በንጹሕ አንሶላ አድረው የተመለሱ ጓደኞች አሉኝ። በስልክ 1,200 ብሎ ጠረጴዛው ላይ 2,000 ማለት ግን ከመብራት ኃይል ጋር ምን አገናኘው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ዋጋ መለጠፍንና ደረሰኝ መስጠትን የነጋዴው ግዴታ አድርጓል። ማሊያ የለበሰ ሰው ሸማች አይደለም የሚል አንቀጽ የለውም።

ነገሩን ሰፋ አድርገን ካየነው ኳሳችን ራሱ የሆቴል ኑሮ ከጀመረ ቆየ። ካፍ ሜዳዎቻችን ደረጃ አያሟሉም ብሎ ካገደ በኋላ ዋሊያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው ሀገር አድርገዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍነው እኮ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ባለሜዳ ተብለን እኛም እንደ ተጋጣሚያችን ሆቴል አድረን! ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ ነው እንጂ።

የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሜዳውንና መልበሻ ክፍሉን እንደሚያይ ሁሉ ክለቦች የሚያርፉበትንም ይይልን። ጭፈራ ቤት የተሸከመ ሆቴል ለቡድን አይሆንም፤ ይሄን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። አስተናጋጅ ከተማው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ገቢ የሚያገኝ ነውና የአልጋ ዋጋ ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት ተለጥፎ እስኪዘጋ ድረስ እንዳይነካ ያድርግ፤ አቤት የሚባልበት አንድ ስልክ ቁጥርም ስታዲየሙ በር ላይ ይጻፍ።

የደጋፊ ማኅበራትም እዚህ ላይ አሉበት። አውቶብስ ሲከራዩ ሳንቲም ሳይቀር የሚከራከሩ ሰዎች፣ መቶና ሁለት መቶ ደጋፊ ይዘው አንድ ከተማ ሲገቡ ለምንድነው እያንዳንዱ ለብቻው «አልጋ አለ?» እያለ በየበሩ የሚዞረው? ሃምሳ ክፍል አንድ ላይ እንይዛለን ሲባል ስልኩን የሚዘጋ ባለሆቴል ያለ አይመስለኝም።

እስከዚያው የምትጓዙ ሁሉ ዋጋውን በስልክ ሰምታችሁ ብቻ አትነሱ፤ በቴሌግራም አስጽፉት። ስትደርሱም ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ወደ ክፍሉ ግቡና ቧንቧውን ክፈቱ።