መዓዛማ ዘይት በጨፋ ሸለቆ፤ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ በቅመም ተራ በኩል ያለፈ ሰው የአካባቢውን ሀብት በአፍንጫው ያውቀዋል። ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ አሪቲው፣ ከደጋ የወረደው ጦስኝ ሁሉም በየራሱ ሽታ ይለያል። ሕዝባችን ይህን ሀብት የሚያውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ቡናው ላይ ጤና አዳም ይጣላል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ በወዳጃው ላይ ዕጣን ይጨሳል፤ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ይታሽለታል። አዲሱ ነገር ከእነዚሁ ተክሎች የወጣ ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ «ሰውነትን ያነጻል፣ ውኃ ያጣራል፣ በሽታ ያርቃል» እየተባለ መወራቱ፣ ማኅበራትም የዘይት ማውጫ መሣሪያ እንግዛ ወይ እያሉ መጠየቃቸው ነው።

የእኛ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። መዓዛማ ዘይት በልኩ ከተያዘ ጥሩ የሽታ ሸቀጥ ነው። መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ግን ማኅበሩን እምነት፣ ቤተሰቡን ደግሞ ጤና ያሳጣል።

በመጀመሪያ ዘይቱን እንወቀው። መዓዛማ ዘይት ከኑግ ወይም ከሰሊጥ እንደሚጨመቀው ዘይት አይደለም። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ ቢደረግ ቅባቱ ይቀራል፤ መዓዛማው ግን ተንኖ ይጠፋል። በቅባት የተደባለቀ ዘይት እንዳይሸጥላቸው ማኅበራት በዚሁ ዘዴ ሊፈትሹ ይችላሉ። ዘይቱ የሚገኘው በቅጠሉ፣ በፍሬው ወይም በልጣጩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። የብርቱካን ልጣጭ በእሳት አጠገብ ሲታጠፍ ፍንጣቂው ቦግ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ሊሞኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የጠጅ ሳር ሽታ በአብዛኛው ከሲትራል፣ የነጭ አዝሙድ ደግሞ ከቲሞል ይመጣል።

ሊሞኒን ቅባትን ያሟሟል። ቲሞል ጀርሞችን ስለሚገድል በአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን መዓዛማ ዘይት ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ በባልዲ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢጨመር ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ውኃውን አያጣራም። የመጠጥ ውኃ የሚታከመው በማፍላት ወይም በውኃ ማከሚያ ክሎሪን ነው። እጅንና ዕቃን የሚያጸዳው ሳሙናና ውኃ ነው። «ከሰውነት መርዝ ያወጣል» የሚባለውን ሥራ ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ያለማንም ጠርሙስ ይሠሩታል። በመዓዛ ማከም የሚለውን ስም ያወጣው ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ስሙ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ ለተቅማጥም ሆነ ለወባ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት የሚተካ መዓዛማ ዘይት የለም።

እዚህ ላይ ጭማቂንና ዘይትን መለየት ያስፈልጋል። በጊኒ ቢሳው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ በተደረገ ጥናት፣ ሎሚ የተጨመረበት መረቅ የበሉ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ከበሽታው ተጠብቀው ተገኝተዋል። ይህን ያደረገው የጭማቂው ኮምጣጣነት ነው፤ የልጣጩ ዘይት አይደለም። ሎሚ በምግብ ላይ መጭመቅ መልካም ልማድ ነው፤ እጅ መታጠብንና ሕክምናን ግን አያስቀርም።

ጉዳቱንም ሳንሸሽግ እንናገር። በዘይት መልክ የተከማቸ ነገር ቅጠሉ በቡና ላይ እንደሚጣለው ቀላል አይደለም። ጥቂት የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን ራሱን ሊስትና ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የጤና አዳም ዘይት ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት፣ ሕይወቷንም ሊያሳጣት ይችላል። የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የሎሚ ልጣጭ ዘይት ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ይቃጠላል፤ ውኃም ይቋጥራል። እንደ ከሚሴ ባለ ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠጅ ሳር ትንኝን ለጥቂት ጊዜ ቢያርቅም ሌሊቱን በሙሉ አይጠብቅም፤ አጎበሩ ይሰቀል።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ ጥፋቱ የእኛም ጭምር መሆኑን እናምናለን። ስለ ጠጅ ሳር ለገበሬዎች ስንናገር የዘይቱን ዋጋ ጠርተን እንጨቱንና ውኃውን ሳንጠራ ያለፍንበት ጊዜ አለ። ከ1 ኩንታል እርጥብ ጠጅ ሳር በአብዛኛው የሚገኘው ከ300 እስከ 500 ግራም ዘይት ነው። ለዚህም ሣሩን ለሰዓታት በእንፋሎት መቀቀል፣ እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ውኃ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እንጨቱ ከየት ይመጣል? ከወይራውና ከግራሩ ከሆነ፣ ያተረፍን መስሎን ከስረናል። ውኃውስ? የቦርከና ዳር ረግረግና ሣር በበጋ የጨፋ አርብቶ አደር ብቻ ሳይሆን ከአፋር ቆላ የሚመጡ ከብቶችና ግመሎች መጠጊያ ነው። ይህን የጋራ ግጦሽ አጥሮ ጠጅ ሳር መትከል የዘይት ትርፍ ሳይሆን ጠብ ያመጣል። ጠጅ ሳር ቦታው የጓሮው ዳር፣ የእርከኑ ጫፍ ነው፤ እዚያ አፈርም ይይዛል።

እንግዲህ ማኅበራት ምን ያድርጉ? አንደኛ፣ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ተክሉን በደንብ መሸጥ ይልመዱ። በጥላ የደረቀ በሶብላና ጠጅ ሳር፣ አፈርና ጠጠር የሌለበት ነጭ አዝሙድና ድንብላል ያለ እሳትና ያለ ቧንቧ ገንዘብ ያመጣሉ። ሁለተኛ፣ ዘይት ማውጣት የፈለጉ ማኅበራት አንድ መሣሪያ በጋራ ይያዙ፤ አስቀድመውም በመዓዛማ ተክሎች ላይ ከሚሠራው ከወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ምክር ይጠይቁ። የአሠራሩ መርሕ ከአረቄ ማውጣት ጋር ቢመሳሰልም የሚወጣው የሚያሰክር መጠጥ አይደለም። ሆኖም አረቄ በወጣበት ዕቃ ፈጽሞ አይሠራ፤ የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ማኅበሩ አንዴ ስሙ ከጠፋ አይመለስለትም። ሦስተኛ፣ ዘይቱ የሳሙና ሽታ ይሁን። ለ1 ኪሎ ሳሙና 10 ግራም የጠጅ ሳር ዘይት ይበቃል። ከ1 ኩንታል ሣር 400 ግራም ቢገኝ 40 ኪሎ ሳሙና ያሸትታል ማለት ነው። መልካም ሽታ ያለውን ሳሙና ልጆች ሳይታዘዙ ያነሡታል፤ ዘይቱ ለጤና የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይኸው ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አደራ የምንለው አንድ ነገር ነው። ገበሬው «ይህ ጠርሙስ ልጄን ያድንልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ «እንጃ» ብሎ ማለፍ አይገባም። የታመመው ልጅ ወደ ጤና ኬላ ይሂድ፤ ጠርሙሱ ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። በማኅበሩ ጠርሙስ ላይም የተክሉ ስም፣ ዘይቱ የወጣበት ቀንና «አይጠጣም» የሚል ቃል ይጻፍ። በሐሰት አንድ ጊዜ ከሚሸጥ ጠርሙስ ይልቅ በእውነት በየሳምንቱ የሚሸጥ ሳሙና ማኅበርን ያቆማል።