መቀመጫ የለንም

«ግቢ ሳትኖር ተማሪ ነበርኩ አትበል» ይሉናል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልጆች። እውነት አላቸው፦ ትምህርት ሚኒስቴር ጅማ ወይ ጎንደር ይመድብሃል፣ ከማታውቀው ልጅ ጋር ዶርም ትጋራለህ፣ ስትወጣ ወንድምህ ሆኗል። ግን ያዛመዳችሁ ተደራራቢው አልጋ ነው? ከክላስ በኋላ አብራችሁ ያባከናችሁት ሰዓት ነው እንጂ!

እኛ ተመላላሾቹ ያጣነው እሱን ነው። ኮሌጃችን ሁለት ፎቅ ተከራይቶ ክላስ ይሸጣል፤ ክላስ ሲያልቅ ጥበቃው «ውጡ» ይላል። አራት ዓመት ተምረን የምንተዋወቀው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከዚያ «የግል ኮሌጅ ልጆች ጓደኝነት አያውቁም» እንባላለን።

ዶርም ሥሩልን አላልንም። በምንከፍለው ብር አግዳሚ ወንበርና ሻይ የምንጠጣበት ጥግ ይኑረን። ላይብረሪውንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አትዝጉብን።